ከአገሩ የቀደመ ስም

እናላችሁ፣ የአገሩን ስም ከአገሩ ቀድሞ ይዞ ሜዳ የገባ የእግር ኳስ ክለብ አለ። ቦታው ካናዳ፣ ቶሮንቶ ከተማ ነው። ጠጋ ብላችሁ ስሙኝ፤ ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ዘመኑ 1968 ነው። በዩጎዝላቪያ ዋና ከተማ ቤልግሬድ ላይ ሥልጣኑ የኮሙኒስቱ የቲቶ ነው። በዓለም ካርታ ላይ ዩጎዝላቪያ እንጂ ሰርቢያ የሚባል ራሱን የቻለ አገር አይታይም፤ ሰርቢያ ከስድስቱ ሪፐብሊኮች አንዷ ናት። ቶሮንቶ ውስጥ ግን ሁለት ዓይነት ሰርቦች ነበሩ። አንደኞቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ንጉሣቸው ሲሻር አንመለስም ብለው በስደት የቀሩ ናቸው። ሌሎቹ በ1960ዎቹ እንጀራ ፍለጋ የወጡ ናቸው። አንዱን ፖለቲካ፣ ሌላውን ኑሮ ያሰደደው ሕዝብ በቀላሉ አንድ ማዕድ አይቀርብም። እነዚህን ያገናኛቸው ቤተ ክርስቲያንና ኳስ ነው። ሰርቦች ኦርቶዶክሶች ናቸው፤ ገናቸውም እንደኛው ጃንዋሪ 7 ይውላል። ቶሮንቶ ያለ ሐበሻ ዶሮውን ሲሠራ፣ ሰርቡም በዚያው ዕለት በዓሉን ያከብራል።

እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ክለብ መሠረቱና ስም አወጡለት፦ የሰርቢያ ነጭ ንስሮች። በስሙ ውስጥ ያለውን ድፍረት ልብ በሉልኝ። ባለ ሁለት ራሱ ነጭ ንስር የዱሮው የንጉሡ መንግሥት ዓርማ ነው፤ የቲቶ አገር ዓርማ ችቦና ቀይ ኮከብ ነበር። ቤልግሬድ ላይ ከአደባባይ የወረደው ንስር ቶሮንቶ ላይ በአሥራ አንድ ተጫዋቾች ደረት ላይ ተለጠፈ። «ሰርቢያ» የሚለውም ቃል በየጨዋታው ከፍ ባለ ድምፅ ይጠራ ጀመር። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው በዚህ የተነሣ ነው፤ አገሩን ያጣ ሰው ስሟን የሚጮህበት ሜዳ አገኘ።

ክለቡ የገባበት ናሽናል ሶከር ሊግ በ1926 የተመሠረተ ነው። የደረጃ ሰንጠረዡን ያየ ሰው የስደት ታሪክ ያነብበት ነበር፤ ጣሊያኑ፣ ሀንጋሪው፣ ፖርቱጋሉ፣ ዩክሬኑ፣ ሁሉም በየስሙ ተሰልፏል። ከሁሉም የሚያንገበግበው ተቀናቃኝ ግን በ1956 የተመሠረተው ቶሮንቶ ክሮኤሺያ ነበር። ሰርብና ክሮአት በቋንቋ ይግባባሉ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የፈሰሰው ደም ግን ውቅያኖስ ተሻግሮ ተከትሏቸዋል። ሁለቱ ሲገናኙ ኳሱ ብቻውን አይንከባለልም።

ነጭ ንስሮቹ በ1974 የሊጉ ሻምፒዮን ሆኑ። ያኔ ከፊት የነበረው አጥቂ ማይክ ስቶያኖቪች ይባላል፤ በክራጉዬቫትስ ከተማው ራድኒችኪ ተጫውቶ የመጣ፣ ግብ ፊት የማይስት ሰው። በ1976 ከኦንታሪዮ ሐይቅ ማዶ ያለው የአሜሪካኑ ሮቸስተር ላንሰርስ ወሰደው። ኋላም በ1980 እና በ1981 የካናዳን መለያ ለብሶ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ተሰለፈ። ንስሩን ለብሶ የጀመረው ስደተኛ የካናዳን የሜፕል ቅጠል ለብሶ ቆመ።

ክሮአቶቹስ? እነሱ በ1975 ከቶሮንቶ ሜትሮስ ጋር ተዋሕደው ትልቁን የሰሜን አሜሪካ ሊግ ተቀላቀሉ። የሞዛምቢክ ልጅ የሆነውን የፖርቱጋል ኮከብ ኤውዜቢዮን አስመጥተው በኦገስት 1976 ሲያትል ላይ ሚኒሶታ ኪክስን 3 ለ 0 አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ። ትልቅ ድል ነው፤ ተቀናቃኝም ቢሆን ባርኔጣ ይነሣለታል። ነገር ግን በክለብ ላይ የብሔር ስም መለጠፉ ሊጉን አላስደሰተውም። በ1979 ቡድኑ ተሸጠ፤ «ክሮኤሺያ» የሚለው ስም ወጣና ቶሮንቶ ብሊዛርድ ተባለ። ሰርቦቹ እዚያ ከፍታ አልደረሱም፤ ስማቸው ግን ሳይሸጥ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ንስሩ ከትልልቆቹ ውድድሮች ራቀ፤ ለረጅም ጊዜም ክንፉን አጥፎ ተቀመጠ። በዚህ መካከል ዩጎዝላቪያ በጦርነት ፈረሰች። ቶሮንቶም ሌላ የስደተኛ ማዕበል ተቀበለች።

አሁን ወደ 2006 ልውሰዳችሁ። ክለቡ በካናዳ ሶከር ሊግ ተመልሶ መጣ፤ አሠልጣኙ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ድራጎስላቭ ሼኩላራች! ቤልግሬድ «ሼኪ» እያለ ያቆላመጠው፣ በ1956 የሜልቦርን ኦሊምፒክ ብር ያገኘ፣ በ1960 የአውሮፓ ፍጻሜ የተጫወተ፣ በ1962ቱ የቺሊ ዓለም ዋንጫ አራተኛ ከወጣው ቡድን ጋር የነበረ ጠቢብ። በ1990 ለሬድ ስታር ቤልግሬድ ሊጉንም ዋንጫውንም ያስገኘ አሠልጣኝ ነው። እሱ ነው በኢቶቢኮ ሴንቴኒያል ፓርክ፣ የስደተኛ ልጆች በሚጫወቱበት ሜዳ ዳር የቆመው።

በዚያው ዓመት በጁን 3 ሞንቴኔግሮ ከሰርቢያ ተለይታ ነጻነቷን አወጀች፤ በጁን 5 ሰርቢያም ለብቻዋ የቆመች አገር ሆነች። ለዓለም ዋንጫ ጀርመን የሄደው ብሔራዊ ቡድን ግን ገና «ሰርቢያና ሞንቴኔግሮ» እንደተባለ ነበር፤ የሌለች አገር መለያ ለብሶ በአርጀንቲና 6 ለ 0 ተቀጣ። ከዚያ በኋላ የተዋቀረው ቡድን «ሰርቢያ» ተባለ፤ ደጋፊውም «ኦርሎቪ» ይለዋል፤ ንስሮች ማለት ነው። ቶሮንቶ ላይ ግን ሁለቱም ቃላት ከ38 ዓመት በፊት ተጠርተው ነበር።

ወደ ነጭ ንስሮቹ ልመለስ፤ የዚያ ዓመት የካናዳ ሶከር ሊግ ፍጻሜ በኢታሊያ ሹተርስ ተነጠቀባቸው። የ2007ቱን ደግሞ፣ ማን እንደሆነ ገምቱ፣ በስሙ ተመልሶ የቆመው ቶሮንቶ ክሮኤሺያ ወሰደው። እንዲህ ያለው ሽንፈት ከአጥንት አይወጣም። በ2008 ለሦስተኛ ጊዜ ፍጻሜ ደርሰው ከኩቤክ የመጣውን ትሯ-ሪቪዬር አታክን በፍጹም ቅጣት ምት ረቱ። በ2009 ያው አታክ ተበቀላቸው። አራት ተከታታይ ፍጻሜ፣ አንድ ዋንጫ። በ2013 የካናዳ ፌዴሬሽን ለሊጉ የሰጠውን ዕውቅና አነሣ፤ ክለቡ ግን ከሊጉ ጋር ቀጠለ፤ በ2016ም ሌላ ዋንጫ አነሣ።

ሼኪ በጃንዋሪ 5 ቀን 2019፣ ገና ሁለት ቀን ሲቀረው ዐረፈ። በተጫዋችነቱ 41 ጊዜ ለብሔራዊ ቡድን ሲሰለፍ የለበሰው የዩጎዝላቪያን መለያ ነው። «ሰርቢያ» ተብሎ የተጻፈለትን ቡድን እየመራ ሜዳ ዳር የቆመው ቶሮንቶ ነበር።