ኃይልና ሽፋን፦ የራዲዮ ታሪክ ስለ ዋይፋይ የሚያስተምረን



ንግግሬን ሁላችሁም በምታውቁት ችግር ልጀምር። ተማሪው ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ስልኩን ይከፍታል። የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ነው፤ የሚፈልገው ገጽ ግን አይከፈትም። አቤቱታው ለኔትወርክ ባለሙያው ሲደርስ፣ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው እርምጃ የአክሰስ ፖይንቱን የሥርጭት ኃይል እስከ መጨረሻው ከፍ ማድረግ ነው። ችግሩም ይብሳል። ለምን እንደሚብስ ለመረዳት ወደ ኋላ ተመልሰን ታሪክን እንጠይቅ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1946 በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ የመኪና ስልክ አገልግሎት ተጀመረ። አንድ ብርቱ ማሰራጫ ከተማውን በሙሉ እንዲሸፍን ታሰበ። ሆኖም አሠራሩ ሁለት እንከኖች ነበሩበት። አንደኛ፣ የማሰራጫው ድምፅ ለመኪናው ይደርሳል እንጂ የመኪናው ደካማ ራዲዮ በዚያው ርቀት መልስ መስጠት አይችልም ነበር፤ ስለዚህ የመኪኖቹን ድምፅ የሚቀበሉ መሣሪያዎች በከተማው ልዩ ልዩ ቦታዎች ተተከሉ። ሁለተኛ፣ ከተማውን በሙሉ በሸፈነ በአንድ ቻናል ላይ በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ጥሪ ማስተናገድ አይቻልም ነበር።

በ1947 የቤል ላቦራቶሪዎች ባልደረባ ዳግላስ ሪንግ በአንድ የውስጥ ማስታወሻ የተለየ ሐሳብ አቀረበ፦ አካባቢው በትናንሽ ክልሎች ይከፈል፤ አንዱ ቻናልም ራቅ ባለ ክልል እንደገና ያገልግል። የዛሬው የሞባይል ስልክ የቆመው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። ሐሳቡ የሚሠራው ግን እያንዳንዱ ማሰራጫ ከክልሉ አልፎ ሌላውን የማይረብሽ ሲሆን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ከሃዋይ መጣ። በ1971 ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቹ በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ አሎሃኔት የተባለውን የራዲዮ ኔትወርክ ሥራ አስጀመሩ። ተርሚናሎቹ አንድ ቻናል ይጋሩ ነበር፤ መልእክቶቻቸው ሲጋጩ ይጠፋሉ፤ ላኪዎቹም እንደገና ይልካሉ። በስሌት እንደታየው፣ ሁሉም እንደፈለገው ሲልክ ከቻናሉ አቅም ለሥራ የሚውለው ቢበዛ 18 በመቶ ያህል ነው። በ1975 ሊዮናርድ ክላይንሮክና ፉአድ ቶባጊ ከመላክ በፊት ማዳመጥ የሚያስገኘውን ጥቅም ተነተኑ፤ እርስ በርስ የማይሰማሙ ላኪዎች የሚፈጥሩትንም ችግር አሳዩ።

በ1985 የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በተወሰኑ የሞገድ ክልሎች፣ እስከ 1 ዋት በሚደርስ ኃይል፣ ያለ ግል ፈቃድ መጠቀም የሚያስችል ደንብ አወጣ። በ1997 የጸደቀው የመጀመሪያው የዋይፋይ መስፈርት ከዚህ ደንብ ተጠቅሟል፤ ከመላክ በፊት የማዳመጥንም ሥርዓት ወርሷል።

አሁን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ እንመለስ። የአክሰስ ፖይንቱ ኃይል ሲጨምር ስልኩ ላይ የሚታየው ምልክት ይሞላል፤ የስልኩ ኃይል ግን አልተጨመረም። ስልኩ ይሰማል፣ መልሱ አይሰማም፤ የሴንት ሉዊሱ መኪና ታሪክ ይኸው ነው። ኃይሉ በ4 እጥፍ ቢያድግ እንኳ ርቀቱ በገላጣ ሜዳ የሚያድገው በ2 እጥፍ ብቻ ነው፤ ግድግዳ ባለበት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። በ2.4 ጊጋኸርትዝ ክልል እርስ በርስ የማይደራረቡት ቻናሎች በተለምዶ ሦስት ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። አንዱ አክሰስ ፖይንት ከመጠን በላይ ሲጮህ፣ በዚያው ቻናል ላይ ያሉት ጎረቤቶቹ አዳምጠው ዝም ይላሉ፤ ተራ ይጠብቃሉ። ስልኩም ቅርብ ያለውን ትቶ ሩቅ ካለው ጋር እንደተጣበቀ ይቀራል።

ስለዚህ ባለሙያው መነሳት ያለበት ከደካማው ወገን፣ ማለትም ከስልኩ ነው። የአክሰስ ፖይንቱን ኃይል ከስልኩ ጋር ያቀራርብ፤ ተጎራባቾቹን በተለያዩ ቻናሎች ይደልድል፤ ሽፋን በጎደለበት ቦታ ኃይል ከመጨመር ሌላ አክሰስ ፖይንት ይትከል። ከዚያም ስልክ ይዞ በየክፍሉ እየተዘዋወረ ይለካ። በጀት ሲጠብ ኃይል መጨመር ርካሽ መስሎ እንደሚታይ አውቃለሁ፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ጽሑፉን ማውረድ ያቃተው ተማሪ ነው።

ሽፋን ማለት ድምፃችን የደረሰበት ቦታ ሁሉ አይደለም፤ መልስ የምንሰማበት ቦታ ነው።