ስምንት እንጨት፣ አንድ እናት፣ አንድ ቋንቋ



«አጸደ ሕፃናት» የሚለውን ስም ሁላችንም እናውቀዋለን። አጸድ ማለት አትክልት ያለበት ግቢ ነው። ለትንንሽ ልጆች ትምህርት እንዲህ ያለ ስም ያወጣለት ፍሪድሪክ ፍሮቤል የሚባል ጀርመናዊ መምህር ነው። እ.ኤ.አ. በ1837 ባድ ብላንከንቡርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ሥራውን ጀመረ፤ በ1840 ደግሞ «የልጆች የአትክልት ቦታ» ብሎ ሰየመው።

ፍሮቤል ለልጆቹ መጽሐፍ አላቀረበላቸውም፤ ያቀረበላቸው ኳስና እንጨት ነው። «ስጦታ» ይላቸው ነበር። የመጀመሪያው ስጦታ ለስላሳ የክር ኳስ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ወደ 8 እኩል ትንንሽ ኩቦች የሚፈታ አንድ የእንጨት ኩብ። ልጁ ይፈታዋል፣ መልሶ ይገጥመዋል፣ ከዚያ ወንበር፣ ደረጃ፣ ድልድይ ይሠራበታል። አንዲት ደንብ ግን አለች፦ ሁሉም እንጨት ሥራ ላይ ይዋል፣ የሚተርፍ አይኑር። ጨዋታውን ወደ እንቆቅልሽ የምትለውጠው ይህቺው ደንብ ናት። በ6 እንጨት ወንበር ሠርቶ 2 የተረፈው ልጅ «እነዚህን የት ላግባቸው?» ብሎ ማሰብ ግድ ይሆንበታል።

የፕሩሺያ መንግሥት ግን በ1851 አጸደ ሕፃናትን ከለከለ። ፍሮቤል በዓመቱ ሞተ፤ ክልከላው እስከ 1860 ድረስ አልተነሣም። በዚህ መሀል ትምህርቱን ባሕር ካሻገሩት መካከል ከአገራቸው የወጡ ሰዎች ይገኛሉ።

አንዷ የሐምቡርግ ተወላጇ ማርጋሬተ ሹርዝ ናት። ከባሏ ጋር ወደ አሜሪካ ተሰደደች። በ1856 በዊስኮንሲን፣ ዋተርታውን ከተማ፣ በገዛ ቤቷ ልጇንና ጥቂት የዘመድ ልጆችን ሰብስባ በፍሮቤል መንገድ ታስተምር ጀመር። የምታስተምረው በምን ቋንቋ ነበር? በጀርመንኛ! በአሜሪካ የመጀመሪያው አጸደ ሕፃናት ተብሎ የሚጠራው ይኸው የስደተኛ እናት ቤት ነው። በኋላ ቦስተን ላይ ኤልሳቤጥ ፒቦዲ የምትባል መምህርት ከእሷ ሰምታ፣ የልጇንም ሁኔታ አይታ ተደነቀች፤ በ1860 በእንግሊዝኛ የሚያስተምር አጸደ ሕፃናት ከፈተች።

ታዲያ ይህ ለእኛ ምን ይነግረናል? እስቲ ቤታችንን እንይ። አማርኛችን ብዙ ጊዜ የትእዛዝ ቋንቋ ነው፦ «ና ብላ!»፣ «ጫማህን አድርግ!»፣ «ተው!» ልጁ ይሰማል፣ ይታዘዛልም። ነገር ማሰላሰል ሲጀምር ግን ወደ ትምህርት ቤቱ ቋንቋ ይሻገራል። «ለምን ወደቀ? ምን ባደርግ ይቆማል?» ብሎ በአማርኛ ጠይቆ የማያውቅ ልጅ፣ እሱ ሲያድግ አማርኛው አብሮት አያድግም። የሚያሳስበን ይኼ ነው። ማርጋሬተ ልጆቿን በጀርመንኛ ከማናገር አልፋ በጀርመንኛ እንዲያስቡ የሚያደርግ ሥራ በእጃቸው ሰጠቻቸው።

በዚህ ሳምንት ይህንን ሞክሩልን። 8 እኩል እንጨቶች ወይም ባዶ የክብሪት ቀፎዎች ፈልጉ። ኩብ ስኳርም ይሆናል፤ አንዱ ከተበላ «በ7ስ ይሠራል ወይ?» ብላችሁ ቀጥሉ። «ለአሻንጉሊትሽ ወንበር ሥሪላት፣ ምንም እንዳይተርፍ» በሏት። ከዚያ እጃችሁን ሰብስቡ። ቢፈርስም አታንሡላት። «የቱ ጋ ከበደው?»፣ «ከሥር ብናሰፋውስ?» እያላችሁ ጠይቁ። ላይ፣ ሥር፣ አጠገብ፣ እኩል፣ ግማሽ፣ ተረፈ፣ ጎደለ የሚሉት ቃላት ሁሉ እዚያው ይመጣሉ። ቃል ሲጠፋት ቃሉን ብቻ አቀብሏት፤ መፍትሔውን ለእሷ ተዉላት። ዝም ብላ ብታስብም አትቸኩሉ።

ስትጨርስ ለአያቷ በስልክ እንዴት እንደሠራችው ታስረዳ። መሥራት አንድ ነገር ነው፤ «መጀመሪያ እንዲህ አደረግኩ፣ ወደቀ፣ ስለዚህ እንዲህ ቀየርኩት» ብሎ ማስረዳት ደግሞ ሌላ። «ስለዚህ» የምትለዋን ቃል በቦታዋ ስትጠቀምባት ከሰማችሁ፣ ልጃችሁ በአማርኛ እያሰበች ነው ማለት ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጆቹ የሠሩትን በቃላቸው እንዲነግሩን እንጠይቃቸዋለን።

መልካም ሳምንት!
የትንንሾቹ ክፍል በጎ ፈቃደኛ መምህራን