ኮአርተም፣ አሪቲ እና ራጅ

መልካ ጀብዱ ውስጥ ኮአርተምን የማያውቅ ቤት ያለ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ2022 በደረቁ ወራት ድሬዳዋ ላይ ወባ የተነሳው፣ ውሃ በምናጠራቅምበት በርሜል ሳይቀር በምትራባው አዲሷ ትንኝ፣ በአኖፊለስ ስቴፈንሲ ምክንያት ነው። እናቶች ደጋግመው ይጠይቁኛል፦ «ዶክተር፣ ትኩሳቱ ከለቀቀው ቀሪውን ለምን እንሰጠዋለን? አሪቲ ብናፈላለትስ?» መልሱ መድኃኒቱ ከተገኘበት ታሪክ ይጀምራል።

እ.ኤ.አ. በ1972 ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ ከባልደረቦቿ ጋር፣ የአሪቲ ዘመድ ከሆነ ተክል ወባን የሚገድል ንጥረ ነገር ለይታ አወጣች። አርቲሚሲኒን ይባላል፤ ሲደርቅ ክሪስታል ይሠራል፣ እንደ ስኳር ቅንጣት ማለት ነው። ወባን እንደሚገድል ታወቀ፤ የውስጥ አሠራሩን ለማወቅ ግን ራጅ አስፈለገ።

ይህ የደረት ራጅ አይደለም። ከሩዝ ፍሬ እጅግ የምታንስ አንዲት ቅንጣት በቀጭን የመስታወት ዘንግ ጫፍ ላይ ትጣበቃለች። ባለሙያው በማይክሮስኮፕ እያየ ትንንሽ ብሎኖችን ያዞራል፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ቅንጣቷ እየተሽከረከረች እንኳ ከጨረሩ መሀል እስከማትወጣ ድረስ። ለደረት ራጅ «አትንቀሳቀስ» ትባላላችሁ አይደል? እሷ ግን መዞር አለባት፤ ከቦታዋ ውልፍት ማለት ብቻ አይፈቀድላትም። ከወጣች ጨረሩ አየር ይመታል፣ ስሌቱም ይበላሻል። በትክክል ከተቀመጠች ጨረሩ በውስጧ በተደረደሩት አተሞች ተበትኖ ብዙ ነጠብጣብ ይተዋል፤ ከነጠብጣቦቹ ድምቀት የእያንዳንዱ አተም ቦታ ይሰላል። እኔ ትዕግሥቱ አይኖረኝም ነበር!

እ.ኤ.አ. በ1975 የቻይና ሳይንቲስቶች በዚህ ዘዴ የአርቲሚሲኒንን ቅርጽ አወቁ። በውስጡ ሁለት የኦክስጅን አተሞች እንደ ድልድይ ተያይዘዋል። የወባ ተህዋስ ደማችንን ሲበላ የሚለቀቀው ብረት ድልድዩን ይሰብረዋል፤ ስብርባሪውም ራሱን ተህዋሱን ይገድላል። ቱ ዩዩ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት አገኘች።

ኮአርተም ውስጥ ያለው አርቲሜተር ይህንኑ ድልድይ ይዟል። ፈጣን ነው፤ ትኩሳቱ ቶሎ የሚበርደው ለዚህ ነው። ነገር ግን በሰዓታት ውስጥ ከደም ይጠፋል። የተረፈውን ተህዋስ የሚያጠፋው አብሮት ያለው ሉሜፋንትሪን ነው፤ እሱ ደግሞ በቂ የሚሆነው 6ቱም መጠን በ3 ቀን ሲወሰድ ነው። ወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ስጡት። በ1 ሰዓት ውስጥ ካስመለሰው ያው መጠን ይደገም። አሪቲ ግን ዘመዱ እንጂ ራሱ ተክሉ አይደለም፤ ሻዩም ወባን አያክምም።

ልጁ ካንቀጠቀጠው፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ከደነዘዘ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይዛችሁት ሂዱ።