ቃራሚ ፓምፕ፦ ዘይት መውረጃ ሲያጣ

ጠባብ የሞተር ክፍል ውስጥ ቱርቦ ሊገጥም የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚለካው ቦታውን ነው። ኮፈኑ ይዘጋል ወይ? ከራዲያተሩ ጋር ይጋጫል ወይ? የጭስ ቱቦው መታጠፊያ ያገኛል ወይ? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። የቱርቦውን ዕድሜ የሚወስነው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ በውስጡ ያለፈው ዘይት በየት ወርዶ ወደ ሞተሩ ይመለሳል? መውረጃ ሲጠፋ የሚገጠመውን መሣሪያ የውጭ አምራቾች «ስካቬንጅ ፓምፕ» ይሉታል። በአማርኛ «ቃራሚ ፓምፕ» ብንለው ተግባሩን በትክክል ይገልጸዋል ብዬ አምናለሁ። ስያሜው ግልጽ የሚሆነው ግን የዘይቱ ጉዞ ሲታወቅ ነውና ከዚያ ልጀምር።

ቱርቦ በአንድ ዘንግ ሁለት ጫፎች ላይ የተቀመጡ ባለ ክንፍ መዘውሮች አሉት። አንደኛውን ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ ያሽከረክረዋል፤ ሌላኛው አየር እየጨመቀ ወደ ሲሊንደሮቹ ይልካል። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይዞራል፤ በትንንሽ ቱርቦዎች 200,000ን ያልፋል። በዚህ ፍጥነት ብረት ብረትን ቢነካ ወዲያው ይበላላል። ስለዚህ በአብዛኞቹ ቱርቦዎች ዘንጉ የሚያርፈው በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ነው። ዘይቱ በሞተሩ ፓምፕ ተገፍቶ በቀጭን ቱቦ ከላይ ይገባል፤ ዘንጉን ያለሰልሳል፣ ሙቀቱንም ተሸክሞ ይወጣል።

ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ጋ ነው። በግፊት የገባ ዘይት በግፊት የሚወጣ ይመስላቸዋል። አይደለም። ዘንጉን ባቀፈችው ጠባብ ክፍተት ሲያልፍ ግፊቱን ይጨርሳል፤ ከአየር ጋር ተመቶ አረፋ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ታች የሚያወርደው የራሱ ክብደት ብቻ ነው። መግቢያው ቀጭን ሆኖ መውጫው ወፍራም የሚደረገው ለዚህ ነው። የመውጫው ቱቦ ቁልቁል መሄድ አለበት፤ አምራቾች ብዙውን ጊዜ ከቀጥታው ቁልቁል ከ35 ዲግሪ በላይ እንዳይዛነፍ ያሳስባሉ። መሐል ላይ ረግቦ ዘይት የሚያቁር እጥፋት ሊኖረው አይገባም። ወደ ሞተሩ የሚገባበትም ቀዳዳ ከዘይቱ ከፍታ በላይ መሆን አለበት፤ ከዘይቱ በታች ከገባ የሚወርደውን የተኛው ዘይት ይመክተዋል። በፒስተኖቹ ጎን ሾልኮ የሚወርደው ጋዝ መተንፈሻ ካጣም ዘይቱን በዚያው ቱቦ ወደ ላይ ይገፋዋል።

በዘንጉ ጫፎች ያሉት ማገጃዎች ላስቲክ አይደሉም፤ እንደ ፒስተን ቀለበት ያሉ የብረት ቀለበቶች ናቸው። ዘይት የሚያግዱት የመሐሉ ክፍል እስካልሞላ ድረስ ነው። መውጫው ሲዘገይ ክፍሉ ይሞላል፣ ዘይቱም ቀለበቶቹን አልፎ በአንድ በኩል ወደ ጭሱ፣ በሌላ በኩል ወደ አየር መግቢያው ይሾልካል። ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ሲወጣ «ቱርቦው አልቋል» ይባልና በአዲስ ይለወጣል። አዲሱም ያጨሳል፤ የተለወጠው ጤነኛው ዕቃ ነውና። በዚህ ስንት ሰው ገንዘቡን ከንቱ እንደሚያወጣ ሳስብ ያሳዝነኛል፤ ቱርቦ ከመግዛት በፊት የመመለሻውን ቱቦ ፈትቶ ማየት በጣም ርካሽ ምርመራ ነው።

ለኢትዮጵያ አሽከርካሪ ጉዳዩ የሩቅ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበትም ከአየሩ ግፊት ጋር አብሮ ይቀንሳል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ ይህንኑ ለማሳየት በ1918 (እ.ኤ.አ.) የሊበርቲ አውሮፕላን ሞተርን ወደ 4,300 ሜትር ከፍታ፣ ፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ አውጥቶት ነበር። በባሕር ጠለል 350 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው ሞተር እዚያ ወደ 230 ወረደ፤ ቱርቦ ሲገጠምለት ወደ ቀድሞው ጉልበቱ ተመለሰ። ቱርቦ የሌለው ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ላንድ ክሩዘር ይዞ ዳገት የሚወጣ ሰው ቱርቦ ቢመኝ አይፈረድበትም። ችግሩ ለቱርቦ ያልታሰበ የሞተር ክፍል ትርፍ ቦታ አለማስቀመጡ ነው።

ቦታ ሲጠብብ መጀመሪያ መሞከር ያለበት የቱርቦውን ቅርፊቶች ማዞር ነው። በብዙ ቱርቦዎች የጭሱ ቅርፊትና የአየሩ ቅርፊት ከመሐለኛው ክፍል ጋር በብሎን ወይም በማቀፊያ ቀለበት ነው የሚታሰሩት። አላልቶ አፋቸውን ወደሚመቸው አቅጣጫ ማዞር ይቻላል። መሐለኛው ክፍል ግን ከቦታው መናወጥ የለበትም፤ የዘይት መግቢያው ከላይ፣ መውጫው ከታች ይሁን። ቱቦ ለማስማማት ብሎ መሐለኛውን ጭምር የሚያጋድም ገጣሚ ችግሩን ከዓይን ሰወረው እንጂ አልፈታውም።

ይህም ሁሉ ተሞክሮ ቱርቦው የግድ ዝቅ ብሎ መቀመጥ ያለበት ጊዜ ይኖራል። በ1975 (እ.ኤ.አ.) ለገበያ የቀረበው ፖርሽ 911 ቱርቦ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሞተሩ ከኋላ የተቀመጠ፣ ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ የተዘረጉ ጠፍጣፋ ሞተር ነው፤ ቱርቦውም ከታች፣ ከኋላ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ዘይቱ ከዚያ በራሱ ክብደት ሄዶ የሚመለስበት መንገድ አልነበረም። መሐንዲሶቹ በካምሻፍቱ ጫፍ የሚዞር ትንሽ ፓምፕ ጨመሩ፤ ፓምፑ ከቱርቦው የወረደውን ዘይት እየሳበ ይመልሳል። ቱርቦን በማርሚታው ቦታ፣ ከመኪናው ኋላ የሚሰቅሉ ሰዎችም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ተመሳሳይ ፓምፕ ይጠቀማሉ።

እንግዲህ ስያሜው። አጫጆች ከሄዱ በኋላ የቀረውን ዛላ እየተከተሉ መሰብሰብ ቃርሚያ ነው፤ የሩትን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ቃሉን ያውቀዋል። ይህ ፓምፕም ዋናው ፓምፕ የላከውና ሥራውን የጨረሰው ዘይት ወድቆ እንዳይቀር እየተከተለ ይሰበስባል። «ለቃሚ» ማለት ይቻል ነበር፤ ግን ቡናም ጥጥም የሚለቀመው ዋናው ምርት ስለሆነ የተከታይነት ትርጉሙ ይጠፋል። «መላሽ» ደግሞ ከመመለሻው ቱቦ ጋር ይምታታል፤ መካኒክ «መላሹን አየው» ሲባል የቱን እንደሚፈታ አያውቅም። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። በሁለት ምት በሚሠሩ ሞተሮች «ስካቬንጂንግ» የሚባለው የተቃጠለውን ጭስ በአዲስ አየር ገፍቶ ማስወጣት ነው። እሱ ቃርሚያ አይደለም፤ «የጭስ ጠረጋ» ቢባል ይሻላል። ተርጓሚ ሁለቱን በአንድ ቃል ከጠቀለላቸው የጥገና መጽሐፉ አንባቢውን ያሳስታል።

ቃራሚ ፓምፕ መግጠም በቀላሉ የሚወሰን ነገር አይደለም። ወድቆ የሚወርድ ዘይት አይበላሽም፤ ፓምፕ ግን ይበላሻል። ስለዚህ ቱርቦውን ጥቂት ሴንቲሜትር ከፍ በማድረግ ከፓምፑ መገላገል ከተቻለ ድካሙ የሚገባው ነው። የግድ ከሆነ ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የጋለ ዘይት የሚችል ፓምፕ ይመረጥ። አረፋ ስለሚስብ አቅሙ ከሚገባው ዘይት መጠን በደንብ መብለጥ አለበት። ከቱርቦው ሥር ዘይቱ የሚጠራቀምባት ትንሽ ጎድጓዳ መያዣ፣ ከፓምፑ በፊትም ወንፊት ያስፈልጋል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ዘይቱ ወደ ዝቅተኛው ቱርቦ ተመልሶ እንዳይሞላው በመግቢያውም በመመለሻውም መስመር ላይ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ይግባ። በዘይት መግቢያው ጓርኒሲዮን ላይ ሲሊኮን መቀባት ክልክል ነው፤ ፍርፋሪው ቀጭኗን ቀዳዳ ይደፍናል።

በናፍጣ ሞተር ላይ ጥንቃቄው ይጨምራል። ቃራሚው ሲቆም ወደ አየር መግቢያው የሚሾልከው ዘይት ራሱ ነዳጅ ይሆናል፤ ሞተሩ ቁልፍ ቢዘጋም አይጠፋም፣ ዙሩ እየጨመረ ራሱን እስኪሰብር ይሮጣል። የሚያቆመው አየሩን መዝጋት ነው። ስለዚህ ፓምፑ ሲቆም የሚበራ መብራት በሾፌሩ ፊት ይደረግ፤ ሾፌሩም መብራቱ በበራ ቅጽበት ሞተሩን እንዲያጠፋ አስቀድሞ ይነገረው።