ይድነቃቸው ተሰማ፤ ከተጫዋችነት ወደ አፍሪካ ስፖርት መሪነት

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በኢትዮጵያ የስፖርት ታሪክ በተጫዋችነት፣ በአሠልጣኝነትና በመሪነት ስማቸው በቀዳሚነት ከሚነሣ ሰዎች አንዱ ናቸው። ለቅዱስ ጊዮርጊስ የእግር ኳስ ክለብና ለብሔራዊ ቡድኑ ተጫውተዋል። ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ አንድ ጊዜ ብቻ ያነሣችውን የአፍሪካ ዋንጫ ያስገኘውን ቡድን አሠልጥነዋል። ከእ.ኤ.አ. 1972 ጀምሮ ሕይወታቸው እስካለፈበት እስከ 1987 ድረስም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍ) በፕሬዚዳንትነት መርተዋል።

ከስፖርት ሜዳ ተነሥተው ለፖለቲካ አመራር የበቁ ሰዎች በዓለም ላይ ጥቂት አይደሉም። የሳምቦ ትግል ስፖርተኛ የነበሩትና ኋላም የአገራቸውን የጁዶ ፌዴሬሽን የመሩት ካልትማጊን ባቱልጋ እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2021 የሞንጎሊያ ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል። ዕውቁ የእግር ኳስ ተጫዋች ጆርጅ ዊሃም እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2024 ላይቤሪያን መርተዋል። አቶ ይድነቃቸው እንደ እነዚህ ሰዎች የአገር መሪ አልሆኑም። ሆኖም በስፖርት ድርጅቶች ውስጥ ያካሄዱት ትግል ከፖለቲካ የሚለይ አልነበረም። ትግሉ አፍሪካ በዓለም የስፖርት ሸንጎ እኩል ድምፅ እንዲኖራትና የዘር መድልዎ ከሜዳ እንዲወገድ የተደረገ ነበር።

ትውልድና የተጫዋችነት ዘመን

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም በጅማ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በቅኔያቸውና በዜማቸው የታወቁ፣ ወደ ጀርመን አገር ተጉዘው ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን መካከል የሚቆጠሩ ሰው ነበሩ።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በአዲስ አበባ አራዳ ሠፈር በ1928 ዓ.ም ሲመሠረት ይድነቃቸው ገና የዐሥራ አራት ዓመት ታዳጊ ነበሩ። ክለቡን ገና በለጋ ዕድሜያቸው ተቀላቅለው ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል ተጫውተውለታል። ክለቡ በተመሠረተ በጥቂት ወራት ውስጥ አዲስ አበባ በፋሽስት ኢጣሊያ ወራሪ ጦር እጅ ወደቀች። ወራሪው ኃይል በከተማዋ ኑሮ ላይ የዘረጋው የዘር መለያየት ሥርዓት በእግር ኳሱም ላይ ተፈጻሚ ሆነ። ኢትዮጵያውያን ከኢጣሊያውያን ተለይተው እንዲጫወቱ ተደረገ፤ የክለቡ ስምም በወራሪው ተለወጠ። አቶ ይድነቃቸው ኳስ መጫወት የጀመሩት ሰው በቆዳው ቀለም ተለይቶ ሜዳ በሚመደብበት በዚህ ዘመን ነበር።

ከነፃነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1943 የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ተቋቋመ። በቀጣዩ ዓመት በተካሄደው የመጀመሪያው ሻምፒዮና ቅዱስ ጊዮርጊስ በከተማዋ ይኖሩ ከነበሩት የአርመን፣ የግሪክና የኢጣሊያ ማኅበረሰቦች ቡድኖችና ከብሪታንያ ወታደራዊ ተልዕኮ ቡድን ጋር ተወዳድሯል። በዘር ተከፋፍሎ የነበረው ሜዳ በዚህ ውድድር አንድ ሆነ። አቶ ይድነቃቸው ከመጫወቱ ጎን ለጎን የአገሪቱን ስፖርት በማደራጀት ሥራ ተሰማርተው በእግር ኳስ ፌዴሬሽኑና በኦሊምፒክ ኮሚቴው ውስጥ ዋነኛ ሚና ነበራቸው።

የካፍ ምሥረታና የደቡብ አፍሪካ ጉዳይ

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1957 የግብፅ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ ተወካዮች በካርቱም ተሰባስበው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መሠረቱ። ኢትዮጵያን ወክለው ከመሥራቾቹ አንዱ የሆኑት አቶ ይድነቃቸው ናቸው። በዚያን ጊዜ ከአፍሪካ አገሮች አብዛኞቹ ገና በቅኝ አገዛዝ ሥር ነበሩ።

አዲሱ ድርጅት የመጀመሪያውን ፈተና የገጠመው ገና በተመሠረተበት ወቅት ነው። አራቱ አገሮች በአንደኛው የአፍሪካ ዋንጫ እንዲወዳደሩ ታቅዶ ነበር። የደቡብ አፍሪካ ተወካዮች ግን ወይ ነጮች ብቻ፣ ወይ ጥቁሮች ብቻ ያሉበት ቡድን እንጂ ድብልቅ ቡድን እንደማይልኩ አስታወቁ። ሦስቱ አገሮች ይህን ባለመቀበላቸው ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ውጭ ሆነች። ተጋጣሚዋ የነበረችው ኢትዮጵያም በቀጥታ ለፍጻሜ ደርሳ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ከአራት መሥራቾች አንዱን ማጣት ለአንድ ለጋ ድርጅት ቀላል ኪሣራ አልነበረም። ይሁን እንጂ ካፍ ለሚቀጥሉት ሠላሳ አምስት ዓመታት ከዚህ አቋም ፈቀቅ አላለም።

በዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽኖች ማኅበር (ፊፋ) ዘንድ ጉዳዩ ረጅም ውጣ ውረድ ነበረው። ፊፋ ደቡብ አፍሪካን እ.ኤ.አ. በ1961 ቢያግድም በ1963 እገዳውን አነሣ። የአፍሪካ አገሮች ተቃውሟቸውን በማጠናከራቸው በ1964 በቶኪዮ በተካሄደው ጉባኤ እገዳው እንደገና ጸና። በ1976 አቶ ይድነቃቸው የካፍ ፕሬዚዳንት በነበሩበት ወቅት ደግሞ ፊፋ አገሪቱን ጨርሶ ከአባልነት አስወገደ።

የ1954 ዓ.ም ድል

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በጥር ወር 1954 ዓ.ም በአዲስ አበባ ሲካሄድ የኢትዮጵያን ቡድን ያሠለጠኑት አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። በአራት አገሮች መካከል በተካሄደው በዚህ ውድድር ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ ለፍጻሜ ደረሰች። ጥር 13 ቀን በተደረገው የፍጻሜ ግጥሚያ፣ በወቅቱ የተባበረችው የዐረብ ሪፐብሊክ ተብላ ትጠራ የነበረችውንና የቀደሙትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችውን ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረታች። ግርማ ተክሌ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ግቦቹን አስቆጠሩ። የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ።

ለአፍሪካ ቦታ የተደረገ ትግል

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ለአፍሪካ የዓለም ዋንጫ ቋሚ ቦታ አልነበራትም። ለ1966 ውድድር በወጣው ደንብ መሠረት የአፍሪካ አሸናፊ ከእስያና ከኦሺኒያ አሸናፊ ጋር ተጋጥሞ ለአንድ ቦታ ብቻ መፎካከር ነበረበት። በጋናዊው ኦሄኔ ጃንና በአቶ ይድነቃቸው ግፊት የአፍሪካ አገሮች ከማጣሪያው በጋራ ወጡ። ውሳኔው ለተጫዋቾቹ መራራ ቢሆንም ፍሬ አፍርቷል። ከ1970 ጀምሮ ለአፍሪካ አንድ የተረጋገጠ ቦታ ተሰጠ፤ ሞሮኮም በሜክሲኮው የዓለም ዋንጫ አህጉሩን ወከለች።

አቶ ይድነቃቸው እ.ኤ.አ. በ1971 የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል፣ በ1972 ደግሞ የካፍ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከሁለት ዓመት በኋላ በፍራንክፈርት በተካሄደው የፊፋ ምርጫ ብራዚላዊው ጆአዎ ሃቬላንጅ የፊፋን ፕሬዚዳንት እንግሊዛዊውን ሰር ስታንሊ ራውስን 68 ለ 52 በሆነ ድምፅ አሸነፉ። ለታዳጊ አገሮች ተጨማሪ ቦታ ለመስጠትና ደቡብ አፍሪካን ከውድድር ለማራቅ ቃል የገቡት ሃቬላንጅ ለድላቸው የአፍሪካ ድምፅ ወሳኝ ነበር። ነፃነታቸውን ያገኙ አገሮች በየዓመቱ ወደ ፊፋ ሲገቡ የካፍ ድምፅ አብሮ አድጎ ነበርና፣ ይህ ምርጫ የዚያ ድምፅ ክብደት በግልጽ የታየበት ሆነ።

ከዚያም ውጤቱ ተከታትሎ መጣ። ቱኒዚያ በ1978 ሜክሲኮን 3 ለ 1 በመርታት በዓለም ዋንጫ ግጥሚያ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት አገር ሆነች። በ1982 ለአፍሪካ ሁለት ቦታ ሲሰጥ አልጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸነፈች፤ ካሜሩንም ሳትሸነፍ ውድድሩን ጨረሰች። በአህጉሩ ውስጥም በ1975 የአፍሪካ ዋንጫ አሸናፊዎች ክለቦች ውድድር፣ በ1979 ደግሞ የወጣቶች ሻምፒዮና ተጀመረ።

ዋንጫው ወደ ምሥራቅ

አሥረኛው የአፍሪካ ዋንጫ እ.ኤ.አ. በ1976 በኢትዮጵያ ተካሄደ። የቀደሙት ሁለት ዝግጅቶች በአዲስ አበባና በአሥመራ ብቻ የተወሰኑ ነበሩ። በዚህኛው ግን ሁለተኛዋ አስተናጋጅ ከተማ ድሬዳዋ ስትሆን የሞሮኮ፣ የናይጄሪያ፣ የሱዳንና የዛየር ቡድኖች የምድብ ጨዋታቸውን በዚያ አደረጉ። የአህጉሩ ትልቁ ውድድር የያኔው የጨርጨር አውራጃ፣ የዛሬው የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ከተሞች ወደሚገኙበት አካባቢ ሲቀርብ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ሚኤሶ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው ነባሩ የባቡር መሥመር ላይ፣ አሰበ ተፈሪ የምትባለው ጭሮም በዋናው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በአዲስ አበባ በተካሄደው የመጨረሻ ዙር ሞሮኮ ከጊኒ ጋር 1 ለ 1 በመለያየት ዋንጫውን ወሰደች። አስተናጋጇ ኢትዮጵያ ግን ከምድቧ ሳታልፍ ቀረች።

የአቋም ዋጋ

ዘረኝነትን በስፖርት አማካይነት የመታገል መንገድ ያለ ዋጋ የተገኘ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1976 የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን በደቡብ አፍሪካ ጉብኝት በማድረጉ ምክንያት ከሃያ የሚበልጡ፣ አብዛኞቹ አፍሪካውያን የሆኑ አገሮች ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ራሳቸውን አገለሉ። ኢትዮጵያም አንዷ ነበረች። በ1972 በሙኒክ በ10 ሺህ ሜትር የነሐስ ሜዳሊያ ያገኘው ምሩጽ ይፍጠር በብቃቱ ከፍታ ላይ ሳለ ሳይወዳደር ቀረ። በ1980 በሞስኮ ሁለት የወርቅ ሜዳሊያዎችን ቢያገኝም የሞንትሪያሉ ዕድል ተመልሶ አልመጣም። እንደ እርሱ ሁለተኛ ዕድል ያላገኙ አፍሪካውያን ስፖርተኞችም ብዙ ናቸው።

በእግር ኳሱም ቢሆን እስከ 1982 ድረስ በሥራ ላይ የነበረው ደንብ አንድ ብሔራዊ ቡድን በአፍሪካ ዋንጫ ከሁለት የበለጡ በውጭ አገር የሚጫወቱ ተጫዋቾችን እንዳያሰልፍ ያግድ ነበር። የደንቡ ዓላማ የአገር ውስጥ ክለቦችን ማጠናከር ነበር፤ ነገር ግን ወደ አውሮፓ የሚሄዱ ተጫዋቾች እየበዙ ሲመጡ አገሮች ከምርጥ ልጆቻቸው የተወሰኑትን ትተው እንዲወዳደሩ አስገድዷል። የአቶ ይድነቃቸው ዘመን ሲመዘን የተገኘው ድልና የተከፈለው ዋጋ አብረው መታየት ይኖርባቸዋል።

ኅልፈትና ቅርስ

አቶ ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ካፍን ለዐሥራ አምስት ዓመታት የመሩ ሲሆን፣ በዘመናቸው ኢትዮጵያ ከዘውድ አገዛዝ ወደ ወታደራዊ መንግሥት ብትሸጋገርም እርሳቸው በኃላፊነታቸው ጸንተዋል። እ.ኤ.አ. በ1988 ካሜሩናዊው ኢሳ ሃያቱ የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ።

የታገሉለት ጉዳይ ፍጻሜውን ያገኘው ከእርሳቸው በኋላ ነው። ደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ ሥርዓት በመፍረስ ላይ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1992 ወደ ዓለም አቀፍ እግር ኳስ ተመለሰች። በ1996 ጥቁርና ነጭ ተጫዋቾች በአንድነት የተሰለፉበት ቡድኗ በገዛ አገሩ ቱኒዚያን 2 ለ 0 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ አነሣ። በ2010 ደግሞ የዓለም ዋንጫን ያዘጋጀች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት አገር ሆነች። አንድም ቋሚ ቦታ ያልነበረው አህጉር 48 ቡድኖች እንዲሳተፉበት በተወሰነው የ2026 የዓለም ዋንጫ ዘጠኝ ቀጥተኛ ቦታዎች ተሰጥተውታል።

አቶ ይድነቃቸው ለዐሥራ አምስት ዓመታት የተቀመጡበትን የካፍ የፕሬዚዳንትነት ወንበር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 በተደረገ ምርጫ የተረከቡት ፓትሪስ ሞትሴፔ ናቸው። ሞትሴፔ ድብልቅ ቡድን አልልክም በማለቷ እ.ኤ.አ. በ1957 ከካርቱሙ ውድድር ውጭ የሆነችው የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ ናቸው።