ቁስለኛው ጽጽቃ፣ ትምህርቱ ከተማ

ጽጽቃን የማታውቋት ብዙ ናችሁ። በዋግ ኽምራ፣ ወደ ተከዜ በሚወርደው ቆላ ያለች የዝቋላ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። እዚያ አካባቢ ሰው ከገደል ቢወድቅ ወይም ጥይት ቢመታው መጀመሪያ የሚደርስለት ጎረቤቱ ነው፤ ቀጥሎ ወጌሻው። ከዚያ ቃሬዛ፣ መኪና ከተገኘም ሰቆጣ፣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል። ጉዳቱ ከሰቆጣ አቅም በላይ ከሆነ ደግሞ ወልድያ፣ ደሴ፣ ጎንደር ወይም ባሕር ዳር።

አሁን ሌላውን ጫፍ እንይ። የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ፣ እኛ ኢንተርን የምንለው፣ በትልቅ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ተራው ደርሶ ድንገተኛ ክፍል ያድራል። የአየር ቧንቧ፣ ትንፋሽ፣ የደም ዝውውር እያለ በቅደም ተከተል ማየትን ይማራል። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብቶ ቬንትሌተር ላይ ያለ ሰው ይከታተላል። በጣም ጥሩ ትምህርት ነው። ግን ተመርቆ የሚመደበው ቬንትሌተር ወደሌለበት ወረዳ ሊሆን ይችላል። ታዲያ ያ ልምምድ ለየትኛው ቁስለኛ ነው ያዘጋጀው?

መልሱን ታሪካችን ውስጥ እንፈልገው።

የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዘመናዊ ሐኪም ራሱ የጦርነት ልጅ ነው። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን በልጅነቱ ከመቅደላ የወሰዱት በ1860 ዓ.ም. የዘመቱት እንግሊዞች ናቸው፤ ሕክምናን የተማረው ላሆር ነው። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ድል አደረግን፤ ከድሉ በኋላ ግን ቁስለኛውን ለማከም የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ነበር የመጣው፤ አዲስ አበባም ላይ ሆስፒታል ከፈተ።

ከአርባ ዓመት በኋላ ነገሩ ወደ ዋግ ደጃፍ ተጠጋ። በየካቲት 1928 ዓ.ም. በዶክተር ጆን ሜሊ የሚመራው የእንግሊዝ አምቡላንስ ቡድን ኮረም አጠገብ ድንኳን ተክሎ ቁስለኛ ያክም ነበር። የቀይ መስቀል ምልክቱን እያዩ የጣሊያን አውሮፕላኖች ደበደቡት። መጋቢት 22 ማይጨው ላይ ሲዋጋ ለቆሰለው ወገናችን ከኮረም ወዲህ ያለው ሕክምና ምን ያህል እንደነበር መገመት አያዳግትም። ሜሊም ከዚያው ዓመት አላለፉም፤ በሚያዝያ መጨረሻ አዲስ አበባ ስትዘረፍ ተመትተው ሞቱ።

ከእነዚህ ሁሉ የማነበው አንድ ነገር ነው፤ ቁስለኛው ገጠር ነው፣ ሐኪሙ ግን ከሩቅ ይመጣል፤ ዘግይቶም ይመጣል።

ይህን የተረዱ ሰዎች ነበሩ። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ መላክን ዓላማው አደረገ። ሌላው መስመር በከተማ አደገ፤ እ.ኤ.አ. በ1964 በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ተከፈተ፣ በኤደንበራ የተማሩት የቀዶ ሐኪሙ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ሁለቱም መስመሮች ዛሬም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ጤና መኮንኖችን ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና ለወሊድ ቀዶ ጥገና በማስተርስ ደረጃ ማሠልጠን ተጀመረ፤ ያ የጎንደር ሐሳብ ልጅ ነው። በዓመቱ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ጀመረ። እርሱ የከተማው መስመር ነው።

ችግሩ የሕክምና ተማሪው በአንዱ መስመር ብቻ መቆሙ ነው። እኔ የምለው፣ ከተማ ላይ ድንገተኛና ጽኑ ሕክምናን ተምሮ ሲጨርስ ጥቂት ሳምንታት እንደ ሰቆጣ ባለ ሆስፒታል ይሥራ። እዚያ የሚደማ ሰው ሲመጣ ጥያቄው ይለወጣል፤ ደም ከየት ይገኛል? ከመጡት ዘመዶች ማን ይለግሳል? ይህ ሰው መንገዱን ይችላል ወይስ እዚሁ ደረቱ ላይ ቱቦ ገብቶለት ነው የሚሸኘው? ማን አብሮት ይሄዳል? ኦክስጅኑስ እስከ ወልድያ ይበቃል?

ጽኑ ሕክምናን ደግሞ ከማሽን ጋር ብቻ አናያይዘው። ሌሊቱን ሙሉ የታማሚውን ትንፋሽ መቁጠር፣ ሽንቱን መለካት፣ የደም ግፊቱ መውረድ ሲጀምር ሳይረፍድ ማወቅ ጽኑ ሕክምና ነው። ይህን ለመሥራት የነቃ ሰው፣ ሰዓትና ወረቀት ይበቃል።

«ተማሪን ያለ አስተማሪ ገጠር መጣል ርካሽ ጉልበት ማድረግ ነው፤ ለታማሚውም አደጋ ነው» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። ስለዚህ መጀመሪያ መሄድ ያለበት አስተማሪው ነው፤ የቀዶ ሐኪሙና ሰመመን ሰጪው በተራ እዚያ ይክረሙ፣ ተማሪው ይከተላቸው። ያኔ ተጠቃሚው ተማሪው ብቻ አይሆንም፤ ሆስፒታሉም ያተርፋል።

በሰሜኑ ጦርነት ሰቆጣ ተይዛ ነበር፤ የዞኑ ጤና ተቋማትም ተጎድተዋል። ሕንፃ ይጠገናል፣ አልጋ ይገዛል። ቁስለኛ ማትረፍ የሚችል እጅ ግን በአንድ በጀት ዓመት አይገዛም። ወጌሻው ሙያውን የተማረው ስብራቱ ባለበት መንደር ነው። ሐኪማችንም ከትምህርቱ ጥቂቱን እንኳ እዚያ ቢማር ምን ይጎድልበታል?

ሐኪሞችና ተማሪዎች የሆናችሁ፣ ሐሳባችሁን ጻፉልኝ። ሰላም እንሁን።