የሦስት ወሩ መርፌ እና ያልተነገረን ነገር

ረጅም ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። «እትዬ፣ የሦስት ወሩ መርፌ መካን ያደርጋል ይላሉ፤ እውነት ነው? ሁለት ጊዜ ተወግቻለሁ። ከመጨረሻው ሰባት ወር ሆነኝ፤ የወር አበባዬ አልተመለሰም።» የት እንዳለች አልናገርም። በሁለት መስመር መመለስ ይቻል ነበር፤ ግን ጥያቄው አንድ ጊዜ የእኔም ነበር።

2014፣ ካርቱም፣ ዴም ሰፈር። የሊቢያን መንገድ የምንጠብቅ አሥራ አንድ ሴቶች በአንድ ክፍል ነበርን። ደላላው «መርፌውን ሳትወጉ እንዳትነሱ» አለን። ለምን ብላ የጠየቀች የለችም፤ ሁላችንም እናውቅ ነበር። (ከሁለት ዓመት በኋላ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ሴቶች በዚያ መንገድ ላይ መደፈርን ፈርተው አስቀድመው የወሊድ መከላከያ እንደሚወስዱ ጽፎ አወጣ። ለእኛ ዜና አልነበረም።) አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ። አረብኛዬ ደካማ ነው። ልጁ ወጋኝና ሦስት ጣቱን አነሳ፤ ሦስት ወር ማለቱ ነው። የተሰጠኝ ማብራሪያ ሦስት ጣት ብቻ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ደም ጀመረኝ። ብዙ አይደለም፣ ግን አይቆምም። ስድስት ሳምንት ሙሉ! ሽንት ቤቱ ለአሥራ አንዳችን አንድ፣ ውሃውም በጀሪካን። ደላላው ዛሬ ነገ ሲል ሦስት ወሩ አለቀና ሁለተኛውን ተወጋሁ። ከዚያ ደሙ ጭራሽ ጠፋ። አንዷ ጓደኛችን «ሆድሽ ውስጥ ተጠራቅሞ ይገድልሻል» አለችኝ፤ አመንኳት። ሊቢያ አልደረስኩም፤ እሱ ሌላ ታሪክ ነው። ካምፓላ ደርሼ፣ አግብቼ፣ ልጅ ስፈልግ እምቢ ሲለኝ ግን የወጣቱ ሦስት ጣት ፊቴ ላይ ድቅን ይልብኝ ነበር።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን ከዚያ ወዲህ ስለዚህ መድኃኒት ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ።

ዲፖ ፕሮቬራ የምንለው ውስጡ ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን የሚባል፣ የሴትን ፕሮጄስትሮን ሆርሞን የሚመስል ነገር ነው። 150 ሚሊ ግራም ጡንቻ ውስጥ ይገባል፤ ቀስ እያለ እየወጣ እንቁላል እንዳይለቀቅ ያደርጋል። ከክኒን የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ክኒን ካልተስማማሽ ዛሬ ማታ ትተይዋለሽ። መርፌ ከገባ ግን ወሩን እስኪጨርስ የሚያወጣው የለም። ስለዚህ መነገር ያለበት ከመወጋትሽ በፊት ነው።

አፕጆን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለወሊድ መከላከያነት ፈቃድ የጠየቀው በ1967 ነው። ቢግል በሚባሉ ውሾች ላይ የጡት ዕጢ ታየና የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ1978 ከለከለ። የውሻው ነገር ለሰው እንደማይሠራ ኋላ ላይ ተነገረ፤ ፈቃዱም በጥቅምት 1992 ተሰጠ። እስከዚያ ድረስ ግን መርፌው ተቀምጦ አልጠበቀም። አትላንታ ከተማ ውስጥ በአንድ የሕዝብ ሆስፒታል ክሊኒክ ከ10 ሺህ በላይ ሴቶች ለጥናት ተወጉ፤ ብዙዎቹ ጥቁርና ድሃ ነበሩ። በ1978 የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ፋይሉን ሲከፍቱ የፈቃድ አወሳሰዱም ሆነ የሴቶቹ ክትትል ጉድለት የሞላበት ሆኖ አገኙት። በአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ ለጥቁር ሴቶች በሰፊው የሚሰጠው ይኸው መርፌ ነበር። ዚምባብዌ ነፃ በወጣች ማግሥት፣ በ1981፣ የነጭ አገዛዝ እጅ አለበት ብላ አገደችው።

ቀጥሎ ያለው ወደ ቤታችን ይመጣል። በታኅሣሥ 2012 ጋል ጋባይ የምትባል ጋዜጠኛ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የሄዱ እናቶችን በቴሌቪዥን አቀረበች። ገና ጎንደርና አዲስ አበባ ጉዞ ሲጠብቁ መርፌው እንደተጀመረላቸው፣ ካልተወጉ ጉዞው እንደሚቀርባቸው የተሰማቸው እንደነበሩ፣ አንዳንዶቹም ክትባት እንደመሰላቸው ተናገሩ። ክሊኒኮቹን ያስተዳድር የነበረው ድርጅት ማስገደዱን ካደ። በጥር 2013 የእስራኤል ጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ሮኒ ጋምዙ ለአራቱ የጤና መድን ድርጅቶች ደብዳቤ ጻፉ፤ ሴትየዋ የመርፌውን ውጤት እንዳልተረዳች ከተጠረጠረ አይታደስላት፣ ካስፈለገም አስተርጓሚ ይጠራ የሚል። በ2016 የመንግሥቱ ዋና ተቆጣጣሪ ለማስገደድ ማስረጃ አላገኘሁም አለ። ሰው እስከ ዛሬ ተገደዱ አልተገደዱም ብሎ ይከራከራል። እኔን የያዘኝ ያ አስተርጓሚ የሚለው ቃል ነው። ማንም ሳያስገድደኝ፣ በራሴ ገንዘብ ከፍዬ የተወጋሁት እኔም የማውቀው ነገር አልነበረም።

መድኃኒቱ መርዝ ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። በ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ያገቡ ሴቶች 23ቱ መርፌ ይጠቀሙ ነበር፤ ከሌሎቹ ዘዴዎች ሁሉ ይበልጣል። ምክንያቱን አክስቴ ነግራኛለች፦ «ክኒን ባል ያገኘዋል፤ መርፌ ማን ያየዋል?» ብዙ እናት በዚህ ነው ያረፈችው።

ታዲያ ያ ልጅ ከሦስት ጣቱ ጋር ምን ሊነግረኝ ይገባ ነበር? መጀመሪያ ላይ ደም ሊዘበራረቅ ይችላል፤ ከዓመት በኋላ ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የወር አበባ አያዩም። ደሙ አይጠራቀምም፤ የማሕፀን ሽፋኑ ስለሚሳሳ የሚወርድ ነገር ስለሌለ ነው። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ባውቅ ስንት ሌሊት እተኛ ነበር! ኪሎ ይጨምራል፤ በአንደኛው ዓመት በአማካይ ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ። ራስ ምታትና የስሜት መለዋወጥ የሚታይባቸው አሉ። የአጥንት ጥንካሬ ይቀንሳል፤ ለዚህ አሜሪካ በ2004 ከባዱን ማስጠንቀቂያ ለጠፈችበት። ሲቆም አብዛኛው ይመለሳል፤ ከሁለት ዓመት በላይ ስትወስጂ ግን ሐኪም አማክሪ። በ2024 የወጣ የፈረንሳይ ጥናት ከአንድ ዓመት በላይ ሲወሰድ የአንጎል ሽፋን ዕጢን ዕድል በአምስት እጥፍ ያህል ከፍ እንደሚያደርግ አሳየ። ዕጢው በራሱ እጅግ ብርቅ ስለሆነ አምስት እጥፉም ትንሽ ነው፤ የማይለቅ ራስ ምታት ወይም የዓይን መደብዘዝ ካለ ግን መታየት ነው።

ኤች አይ ቪስ? በ2019 በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያ፣ በዛምቢያና በኤስዋቲኒ 7,829 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት መርፌው ከሌሎቹ ሁለት ዘዴዎች የተለየ ትልቅ አደጋ እንዳላመጣ አሳይቷል። ከኤች አይ ቪ ግን አይከላከልም። ለመንገድ ብላችሁ የምትወጉ፣ ይህን ደግማችሁ አንብቡት። ክፉ ነገር ከደረሰባችሁ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚጀመር የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት አለ፤ ተወግቻለሁ ብላችሁ አትቅሩ።

ለልጅቷ የመለስኩት ይህን ነው፦ መካን አያደርግም፤ ያዘገያል። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ እስከ ማርገዝ በአማካይ 10 ወር ገደማ ይፈጃል፤ ከዚያ የሚረዝምባቸውም አሉ። እኔ በአሥራ አራተኛው ወር ነው ያረገዝኩት፤ አሁን ልጄ አጠገቤ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ግን የወር አበባ ሳይመለስም ማርገዝ ስለሚቻል መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ አድርጊ አልኳት። እስካሁን አልመለሰችልኝም፤ እየጠበቅኩ ነው።

ካምፓላ ያላችሁ፣ ክሊኒክ ስትሄዱ ቋንቋው ካስቸገራችሁ ጻፉልኝ። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ነፃ ነኝ፤ አብሬያችሁ ገብቼ አስተረጉማለሁ።